ድኩላዋን ያላያት ሰው

ሶዶ ገበያ ውስጥ የሽኩርን ሱቅ የማያውቅ ሰው የለም። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ ጄሪካን፣ ፌስታል፣ የሕፃን ፖፖ ሳይቀር እዚያ ይገኛል። ግን ከዕቃው በፊት ወሬው ይመጣል። ከገሱባ ባልዲ ሊገዛ የመጣ ገበሬ ባልዲውን አንጠልጥሎ ከመውጣቱ በፊት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቦዬው ምርት፣ ስለ ልጆቹ ትምህርትና ስለ ጎረቤቱ በሬ መልስ መስጠት አለበት። ሽኩር ይህን የሚያደርገው ደንበኛ ለመሳብ አይደለም፤ ዝም ማለት ስለሚያመው ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው ሱቁን ሲከፍቱ እሱ ገና የወተት ጥርሱ ያልወለቀ ልጅ ስለነበር፣ ወላይትኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ሲጫወት ነው የለመደው። ስለዚህ በሦስት ቋንቋ ያወራል፤ በሦስቱም ያረዝማል።

ሚስቱ ሳዲያ ቁጥብ ናት። ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና ዕቃ ታወጣለች፣ ትለያለች፣ ታስራለች። ሲጋቡ የሽኩር እናት «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄን የሚሰማው ሰው ተገኘ» ብለው ነበር። እውነትም ሳዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሰምታዋለች።

ካሜራው ወደ ቤታቸው የገባው በልጃቸው በሰብሪና በኩል ነው። ሰብሪና ሐዋሳ ውስጥ ሠርግ ትቀርጻለች፤ አዲስ ካሜራ ስትገዛ አሮጌውን «ለኢልያስ ይሁን» ብላ ትታው ሄደች። ኢልያስ፣ አብሯቸው ሱቅ የሚሠራው ትልቁ ልጃቸው፣ ነካካውና ሰለቸው። ካሜራውን ከቁም ሳጥን ላይ ያወረደችው ሳዲያ ናት። መጀመሪያ ሱቁ ጣሪያ ላይ ወጥታ ከሥጋ ቤቶቹ በላይ የሚዞረውን ጭላት አነሳች። ከዚያ እርግቦቹን፣ ከዚያ ግቢያቸው ያለው አቮካዶ ላይ የምታርፈውን ቢጫ ወፍ። ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ የምታስተምረው ጎረቤታቸው አስናቀች ፎቶዎቹን ስታይ፣ «ሳዲያ፣ አንቺማ ጣሪያ ላይ መቅረት የለብሽም» አለቻት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ከሁምቦ በላይ ወዳለው የተከለለ ደን መሄድ ለመዱ።

ሽኩር ለዚህም ቀልድ አላጣም። ሳዲያ ከደኑ ስትመለስ «ጋዜጠኛዋ መጣች!» እያለ ይቀበላታል። ፎቶ ስታሳየው መነጽሩን አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ ያያል።

«ይሄ ወፍ ባለፈው ካሳየሽኝ በምን ይለያል?»

«ያችኛዋ ሴቷ ነበረች። ይሄ ወንዱ ነው።»

«መታወቂያ አሳየሽ?»

ሳዲያ ካሜራውን አጥፍታ ሌንሱን በጨርቅ መወልወል ትጀምራለች፤ እሱም ብቻውን ይስቃል።

አንድ ሐሙስ ቀን አስናቀች ሱቅ ብቅ ብላ የእህቷ ልጅ ቦዲቲ ከተማ ስለምትዳር በዚህ ቅዳሜ መሄድ እንደማትችል ተናገረች። ሳዲያ «እንግዲያው ብቻዬን እሄዳለኋ» አለች።

«ብቻሽን? ጫካ?» ሽኩር ከወንበሩ ተነሣ። «ባልሽ ሞቷል እንዴ?»

«ባሌ ሱቅ አለው።»

«ሱቁን ኢልያስ ይይዛል። እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሳዲያ አስናቀችን አየቻት። አስናቀች ሳፋ የምትመርጥ መስላ ፊቷን አዞረች።

«መምጣት ትችላለህ» አለች ሳዲያ በመጨረሻ። «ግን ዝም ትላለህ።»

«ከኔ የበለጠ ዝም የሚል ሰው ከየት ታመጪያለሽ?»

ጥግ ላይ ሻይ ይጠጣ የነበረው ኢልያስ ትን አለው።

ቅዳሜ ጠዋት ሽኩር ነጭ የዒድ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ጫማውን አስወልውሎ ወጣ። ሳዲያ ከራስ እስከ እግሩ አየችው።

«ለማን ነው እንዲህ የዘነጥከው? ይሄ ሸሚዝ ከአባያ ማዶ ይታያል። ሽቶህን ደግሞ አውሬዎቹ ሳንደርስ ነው የሚያሸቱት።»

ተመልሶ ታጠበ። የኢልያስን አሮጌ አረንጓዴ ሹራብ አመጣችለት፤ ሹራቡ ሆዱ ጋ ሲደርስ አልወርድም አለ። ሽኩር መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን አየና «ጎመን መሰልኩ» አለ።

«ጎመን ጥሩ ነው» አለች ሳዲያ። «ጎመን አያወራም።»

በአርባ ምንጭ መንገድ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሽኩር አንድ ነገር ግልጽ አደረገ፦ ዝም ሊል ቃል የገባው ጫካ ውስጥ እንጂ መኪና ውስጥ አይደለም። ሁምቦ እስኪደርሱ ረዳቱ የት እንደተወለደ፣ ሾፌሩ ስንት ልጆች እንዳሉት፣ ከኋላ የተቀመጡት ሴትዮ ጉልበታቸውን መቼ እንደጀመራቸው አወቀ። ሴትዮዋ ሲወርዱ መረቁት። ሳዲያ ካሜራዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ከሚኒባሱ ወርደው ባጃጅ ያዙና ተራራው ሥር ደረሱ።

የደኑ ጥበቃ ጦና ይባላል፤ ቀጭን፣ ጺሙን በጥንቃቄ የተከረከመ ወጣት ነው። ሳዲያን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ሳሮ ማዘር! ዛሬ ቲቸር አልመጣችም?»

ሰላምታውን ሽኩር በወላይትኛ መለሰለት። ጦና በጣም ደስ አለው፤ ወዲያው የማን ልጅ እንደሆነ፣ አጎቱ ገበያ ውስጥ የት ጋ ቡና እንደሚነግዱ ይጫወቱ ጀመር። ሳዲያ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሁለቱም ዝም አሉ።

ጦና ደግ ልጅ ነው፤ አንድ ድክመት ብቻ አለው፤ ፎቶ መነሣት ይወዳል። ሳዲያ ካሜራውን ከቦርሳ ስታወጣ ወዲያው ባርኔጣውን ያስተካክልና ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። «ማዘር፣ በግራ በኩል ነው ቆንጆ የምወጣው» ይላታል። ሳዲያም ሥራዋን ለመጀመር በቅድሚያ እሱን በግራ በኩል ማንሳት ለምዳለች።

የዚያን ቀን የምትፈልገው ድኩላ ነበር። ከተራራው ወገብ ላይ ካለው ምንጭ ውኃ የምትጠጣ ሴት ድኩላ እንዳለች ጦና ከነገራት ቆይቷል። እሷና አስናቀች ግን እስካሁን ያገኙት የሚሮጥ ጀርባ ብቻ ነው።

«ዛሬ የምትመጣ ይመስልሃል?» አለችው።

«አሁን ይመጣል እሷ» አለ ጦና። ይህን በየሳምንቱ ነው የሚለው።

መንገዱ በግራርና በወይራ መሀል ሽቅብ ይወጣል። ሽኩር ትንፋሽ ስላጠረው ጥቂት ዝም አለ፤ ሳዲያ ይህንንም እንደ ጨዋነት ቆጠረችለት። አንድ ትልቅ ዋርካ ጋ ሲደርሱ ጦና እጁን አነሳ። ጫፉ ላይ ጉሬዛዎች ተቀምጠው ነበር፤ ነጭ ጅራታቸው እንደ መጋረጃ ዘርፍ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ቅጠል ትበላለች። ሳዲያ ትንፋሿን ያዘች፤ ካሜራዋን ቀስ ብላ ወደ ዓይኗ አመጣች።

የሽኩር ስልክ ጮኸ።

«ሄሎ! ኢልያስ! ኧ? የጆጉ ክዳን? ከፖፖው ኋላ! አይደለም፣ ከፖፖው ኋላ! ፖ-ፖ!»

ሽኩር ስልክ ሲያወራ ስልኩን ያላመነው ይመስላል፤ ድምፁ ራሱ ሶዶ እንዲደርስ አድርጎ ነው የሚጮኸው። ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ ጠፉ። ከማዶ ያለው ገደል «ፖ-ፖ» የሚለውን ለመጨረሻ ጊዜ መለሰ።

ሳዲያ ወደ ባሏ ዞረች። እጇን ብቻ ዘረጋች። ሽኩር ስልኩን ሰጣት፤ አጠፋችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስልኩ ከተገዛ ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም ነበርና ኪሱን በየጊዜው እየዳበሰ ተከተላት።

ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ ቆመች።

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?»

ምሳው ነበር። ሽኩር ቂጣውን፣ የተቀቀለውን ድንችና የሚያቃጥለውን የቃሪያ ማባያ፣ ዳጣውን፣ በፌስታል አድርጎ፣ እንዳይፈስ ያንን ፌስታል በሌላ ፌስታል ከቶ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ጭኑ ላይ እያወዛወዘ ነበር የመጣው።

«ወላሂ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸጠው እንዲህ እንደሚጮህ አላውቅም» አለ።

ጦና ፌስታሉን ተቀበለውና እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ ከኋላ መጣ።

ምንጩ ጋ ሲደርሱ ሳዲያ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ቦታ አለ፤ ከአንድ ቁጥቋጦ ኋላ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ። ሽኩርን ግንድ አስደግፋ አጠገቧ አስቀመጠችው። ጦና ምሳውን ይዞ ራቅ ብሎ ዓለት ላይ ወጣ። ውኃው ከድንጋይ ሥር ትንሽ እየተንዶለዶለ ይወጣል። የሆነ ቦታ ጅግራ ትጮኻለች። ከዚህ በቀር ድምፅ የለም፤ ሽኩር ይህን ዝምታ ምን እንደሚያደርገው ጨነቀው።

«ሳዲያ» አለ በሹክሹክታ። የሽኩር ሹክሹክታ የሌላ ሰው ድምፅ ያህላል።

«እ?»

«እዚህ ምን ታገኛለሽ? ወፍ እንደሆነ ግቢያችን ውስጥም አለ።»

ሳዲያ ዓይኗን ከምንጩ ሳታነሳ መለሰችለት።

«ሱቅ ወደኔ የሚመጣው ሁሉ አንድ ነገር ፈልጎ ነው። ትልቅ ባልዲ፣ ትንሽ ባልዲ፣ ክዳን ያለው፣ ክዳን የሌለው። ቤትም ስገባ እንደዚያው ነው፤ ሸሚዜስ፣ ሻዬስ፣ ቁልፌስ። እነዚህ ከኔ ምንም አይፈልጉም። እዚህ እኔ ነኝ ፈልጌ የምመጣው።»

ሽኩር ዞሮ አያት። ይህን ያህል ነገር በአንድ ትንፋሽ የተናገረችበትን ቀን ማስታወስ አልቻለም። ሸሚዜስ የሚለው እሱ መሆኑንም አልሳተውም።

«እኔስ?» አለ። «እኔ አሁን ከአንቺ ምን ፈልጌያለሁ?»

«አንተ ምሳ ነው የምትፈልገው።»

«እሱስ እውነት ነው።»

«ገና ነው። ዝም በል።»

ዝም አለ። እውነተኛ ዝምታ ነበር፤ የሚያስበው ነገር ስለሰጠችው። ሚስቱ ሱቅ ውስጥ ስትቀመጥ ምን እንደምታስብ ጠይቋት ያውቅ እንደሆን ለማስታወስ ሞከረ። ጠይቋታል፤ ብዙ ጊዜ ጠይቋታል፤ ግን መልሷን ሳይጠብቅ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ቀጥሎ ነበር። ፀሐይዋ በቅጠሎቹ መሀል ጉልበቱ ላይ አረፈች። ሹራቡ ሞቀው። ይህን ጉዳይ በደንብ አስቦበት አንድ ጥሩ ቃል ሊናገራት ወሰነና እንቅልፍ ወሰደው።

ድኩላዋ የመጣችው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ሳዲያ ያየችው ቅጠል ሲነቃነቅ ነው። ከዚያ አፍንጫ፣ ከዚያ አንድ ቀጭን እግር። ቡኒ ቆዳዋ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ፤ ሆዷ ሥር የቅጠሎቹ ጥላ ይወዛወዛል። እየቆመች፣ አየሩን እያሸተተች፣ እንደገና አንድ እርምጃ እየሄደች ወደ ውኃው መጣች። ሳዲያ ሽኩርን ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ ክንዱ ጋ ከመድረሷ በፊት መለሰችው። ድኩላዋ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

ሽኩር አንኮራፋ።

አንድ ጊዜ ነው፤ ግን ሙሉ ነበር። ሳዲያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሁሉም አለቀ ብላ ነው። ስትገልጠው ድኩላዋ አልሸሸችም። ራሷን ቀና አድርጋ፣ ሁለት ጆሮዎቿን ወደ ቁጥቋጦው አቁማ፣ ከአገጯ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ይህ ደግሞ ምን ዓይነት አውሬ ነው የምትል ይመስል ቀጥ ብላ ወደ ሌንሱ ታያለች። ሳዲያ ተኮሰች፤ ደገመች፤ ሠለሰች። ሽኩር ሁለተኛውን ሲጀምር ድኩላዋ መልሱ የበቃት ይመስል ዞር ብላ ጫካው ውስጥ ገባች።

ሳዲያ ካሜራውን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ባሏን ቀሰቀሰችው።

«መጣች እንዴ?» አለ ብድግ ብሎ።

«መጥታ ሄደች።»

«ማን? ድኩላዋ? እኔ እዚህ እያለሁ?»

«አንተ እዚህ እያለህ።»

ሽኩር ጦናን ለምስክርነት ዞር ብሎ አየው። ጦና ከዓለቱ ላይ ወርዶ እየመጣ ነበር፤ ፊቱ ላይ ኩራት አለ። «ፋዘር፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ። አሁን ይመጣል ብያለሁ እኮ» አለ።

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ብቀሰቅስህ ‹የት አለች!› ብለህ ትጮህ ነበር።»

«እኔ?» አለ ሽኩር። ሳዲያና ጦና ተያዩ። ሽኩርም «እሺ፣ ቀስ ብዬ ነበር የምለው» አለ።

ባልና ሚስቱ ከምንጩ ውዱእ አድርገው የቀትሩን ዙህር ሰገዱ። ሽኩር ከሰገደ በኋላም ቅሬታው አልወጣለትም፤ ምሳው ገና ሳይዘረጋ «እስቲ አሳዪኝ» አለ። ሳዲያ ካሜራውን ከአንገቷ ሳታወልቅ ከፈተችለት። ሁለቱ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ትንሹ ስክሪን ላይ አጎነበሱ። ድኩላዋ እዚያ ነበረች፤ ጆሮዎቿ እንደቆሙ፣ የውኃው ጠብታ እንኳ ሳይቀር።

«ማሻአላህ» አለ ሽኩር። ጣቱን ወደ ድኩላዋ ዓይን ጠቆመና «ምንድን ነው እንዲህ የምታየው?» ሲል ጠየቀ።

«አንተን።»

«እኔን?»

«ታንኮራፋ ነበር።»

ሽኩር ይህንን እንዴት እንደሚቀበለው ገና ሳይወስን ጦና «ፋዘር! ምሳ!» ብሎ ጮኸ።

አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ፣ ትከሻው እንደ ካባ የሰፋ፣ ከኋላቸው መጥቶ ፌስታሉን አንስቶ ነበር። አልሮጠም። እንደ ደንበኛ ዕቃውን ይዞ ሄደና ጦና ተቀምጦበት የነበረው ዓለት ላይ ተቀመጠ። ድንቹን አንድ በአንድ በላ። ቂጣውን ቀደደው። ጦና ድንጋይ ቢያነሳም ዝንጀሮው ጥርሱን ሲያሳየው መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ እንስሳው የዳጣውን ብልቃጥ አገኘ። ክዳኑን በጥርሱ ነቅሎ፣ አሽትቶ፣ ጣቱን እስከ ሥሩ ነክሮ ላሰ።

ትንሽ ምንም አልሆነም። ከዚያ ዝንጀሮው ማኘክ አቆመ። ቀስ ብሎ ራሱን አነሳና ሽኩርን ተመለከተው፤ ተበላሽቷል ብሎ ዕቃ ሊመልስ እንደመጣ ሰው አድርጎ ተመለከተው።

«እኔ አልሸጥኩልህም!» አለ ሽኩር።

ዝንጀሮው ምላሱን በእጁ ጠረገ፤ ግን እጁ ራሱ ዳጣ ነበር። ብልቃጡን ወርውሮ ምላሱን ሣር ላይ ይፈትግ ጀመር። ሳዲያ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ፣ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሻርፗ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ እንባዋ እየወረደ። ሽኩር ይህ ሁሉ ፎቶ ሳይነሣ ሊያልፍ ነው ብሎ ደነገጠ።

«አንሺው እንጂ! አንሺው!»

እሷ በእጇ አልችልም አለችው። ካሜራውን ከአንገቷ አውልቆ ወሰደው።

«የቱን ነው የምጫነው?»

«ት... ትልቁን» አለች ሳቋ እያቋረጣት።

ተጫነው። ካሜራው ጠቅ አለ፤ በዚያው ቅጽበት ዝንጀሮው ከዓለቱ ዘልሎ ወደ ምንጩ ሮጠ፤ አፉን ውኃው ውስጥ ነክሮ ለረጅም ጊዜ አላወጣውም።

ባዶ ሆዳቸውን ተራራውን ወረዱ። ጦና ለካሳ ይሁን ለማጽናናት ከቤቱ ሙዝ አመጣላቸው፤ እግረ መንገዱንም በግራ በኩል አንድ ጊዜ ተነሣ።

ሽኩር ያነሣውን ያዩት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ዝንጀሮው አልነበረም፤ ጥግ ላይ አንድ ግራጫ ነገር ብቻ ይታያል። መሀል ላይ ያለችው ሳዲያ ናት። ካሜራው ከብዙ ነገር መሀል እሷን መርጦ አጥርቶ ይዟታል፦ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ዓይኗ ተጨፍኖ፣ ጉንጯ ላይ እንባው እያበራ፣ ሻርፗ ወርዶ ግንባሯ ላይ ያለው ሽበት ወጥቶ። ሽኩር ይህችን ሴት ያውቃታል። ሲያገባት እንዲህ ትስቅ ነበር። የት ሄዳ እንደነበረ ግን እስከዚያች ደቂቃ ጠይቆ አያውቅም።

«ዝንጀሮው የለም» አለች ሳዲያ አጮልቃ አይታ።

«የለም።»

«አጥፋው። ፀጉሬ ሁሉ ታይቷል።»

«አላጠፋውም።»

«ሽኩር!»

«ለማንም አላሳየውም። ወላሂ። ለኔ ይሁን።»

ሳዲያ አየችው። ሽኩር አንድን ነገር ለማንም ሳይናገር ይኖራል ብሎ ማመን ከባድ ነው። ቢሆንም ካሜራውን አልቀማችውም። ሶዶ እስኪገቡ ድረስ ረዳቱ ስለ ኳስ ሊያጫውተው ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሽኩር «እ» ብቻ አለው።

ሰኞ ዕለት ግን ምላሱ ተመልሷል። ገበያው በሙሉ ስለ ድኩላዋ ሰማ። ከቢጠና የመጣ አንድ ነጋዴ ጄሪካን ሲቆጥር ሽኩር ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ እንደ ጆሮ አቁሞ ያሳየው ነበር።

«ከዚህ እስከዚያ ሳፋ ድረስ ነው የምትርቀኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ቀንዷ ይህን ያህላል!»

«ሴት ናት። ቀንድ የላትም» አለች ሳዲያ ከመደርደሪያው ጀርባ።

«ልታበቅል ነበር» አለ ሽኩር ሳይዞር።

ነጋዴው ሳቀ። ሳዲያ ከዚህ በላይ አላረመችውም። እሱ ድኩላዋን እንዳላየ የሚያውቁት እሷና ጦና ብቻ ነበሩ።

ማክሰኞ አስናቀች ከቦዲቲ ሠርግ ደክማ፣ ግን ለፎቶው ጓጉታ መጣች። ድኩላዋን ስታይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለተማሪዎቿ የተፈጥሮ ክበብ አሳትማ ግድግዳ ላይ እንደምትሰቅለው ተናገረች። «ጆሮዋ እንዴት እንዲህ ቀጥ አለ? ምን ሰምታ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሳዲያ ነገረቻት። አስናቀች እስኪበቃት ሳቀች።

«እኔ ይሄን ለተማሪዎቼ እንዴት ብዬ ነው የማስረዳው? ሽኩር፣ አንተስ? ይህን ሁሉ መንገድ ሄደህ ምንም አላነሣህም?»

ሽኩር አፉን ከፈተ። ሳዲያ ባልዲ ማሰሯን አቆመች።

«እኔማ ምሳ ተሸካሚ ነበርኩ ቲቸር» አለ። «ምሳውንም አልጠበቅኩትም።»

ከዚያ ስለ ዝንጀሮው አንድ በአንድ ተረከላት፤ ዳጣው ጋ ሲደርስ ተነሥቶ ምላሱን ሲፈትግ አሳያት። የነገራት ሁሉ እውነት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ዘለለ፤ ሳዲያም መዝለሉን ሰማች።

የዚያን ዕለት ሱቁ ተዘግቶ ቤት ሲገቡ ሽኩር ካሜራውን ከቁም ሳጥኑ አውርዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ይህን ነገር አስተምሪኝ» አለ። «የቱ ነው የሚያጠራው? ዝንጀሮውን ትቶ አንቺን የያዘው በምን ምክንያት ነው?»

ሳዲያ ፌዝ መስሏት አየችው። ፌዝ አልነበረም። ሌንሱን እንዴት እንደሚያዞር አሳየችው። ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ነገረችው። ከዚያ ስለ ጭላቱ ነገረችው፤ ሲታጠፍ የትኛው ክንፉ እንደሚቀድም። ስለ ቢጫዋ ወፍ ነገረችው፤ ለምን አቮካዶው ላይ ጠዋት ብቻ እንደምትመጣ። ጣሪያው ላይ ብቻዋን ሆና ያየችውን፣ አስናቀችም እንኳ ያልሰማችውን ነገር ሁሉ ነገረችው። ሽኩር ሁለት ጊዜ ሊያቋርጣት ጀምሮ ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ተወው። እሷ ስታወራ እጇን እንደምታንቀሳቅስ አያውቅም ነበር።

ኢልያስ ከውጭ ሲገባ ሳሎን የእናቱን ድምፅ ብቻ ሰማ። ግራ ገብቶት በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

«እማዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው? አባዬ የለም እንዴ?»

«አለሁ» አለ ሽኩር። «በሩን ዝጋው፤ እናትህን አታቋርጣት።»